ሞሪዮሪ ያሏት ልጅ

የልጅ ልጄ እጇን አላነሳችም። የትምህርት ቤቷ ፋይል ግን «ተደባድባለች» ይላል። በደሉ ይኸው ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ሦስት ጊዜ ፊቷን የተመታች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከመታቻት ልጅ እኩል ሦስት ቀን ከትምህርት ታገደች። ስሟም ከመቺዋ ስም ጎን በአንድ ቃል ተጻፈ። ይህንን የምጽፈው ያ ቃል ውሸት መሆኑን አማርኛ የሚያነብ ሰው እንዲያውቅልኝ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር በአንድ አፓርታማ እኖራለሁ። ልጄ ሆቴል ትሠራለች፤ ጠዋት ሳይነጋ ትወጣለች። ልጅቷን ቀስቅሼ፣ አብልቼ ባስ መቆሚያ የማደርሳት እኔ ነኝ። ስትመለስም የቤት ሥራዋን የምትሠራው እፊቴ ተቀምጣ ነው። እንግሊዝኛዬ ለገበያና ለሐኪም ያህል ቢሆንም፣ የምታነበውን እንድትነግረኝ አስገድዳታለሁ። በአማርኛ ትጀምርና በእንግሊዝኛ ትጨርሰዋለች፤ እኔም መልሳ በአማርኛ እስክትለው ድረስ አልለቃትም።

መጋቢት ውስጥ አስተማሪዋ የዓለም ሕዝቦችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ዕጣ አስወጣቸው። ለሌሎቹ ግብፅና ሮም ሲደርሳቸው ለእሷ «ሞሪዮሪ» የሚል ወጣላት። አኩርፋ መጣች።

«እማማ፣ ማንም አያውቃቸውም! ኖባዲ!»

«አንቺንስ ማን ያውቅሻል? ቁጭ በዪና አንብቢ» አልኳት።

አንድ ሳምንት ያህል በየማታው እያነበበች ነገረችኝ። ከኒው ዚላንድ በስተምሥራቅ፣ ከውቅያኖሱ መሃል፣ ቻተም የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ነፋስና ብርድ የሚበዛበት፣ ከሞቃት አገር ያመጡት ተክል አልበቅል ያለበት ምድር ነው። ሞሪዮሪዎች እዚያ በዓሣና በባሕር ወፍ ኖሩ፤ ወፍራም ቆዳ ያለው የባሕር እንስሳ እያደኑ ሥጋውን በሉ፣ ቆዳውን ለበሱ። በቆመ ዛፍ ቅርፊት ላይ የሰው ምስል ይቀርጹ ነበር። ፎቶውን አሳየችኝ፤ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ጉልበቱን አጠፍ ያደረገ ሰው ከግንዱ ውስጥ ያየኛል። ዛፎቹ አርጅተው እየሞቱ ነው አለችኝ፤ ምስሎቹም አብረዋቸው።

ድሮ ድሮ እርስ በርሳቸው ይፋጁ ነበር። ከዚያ አንድ ታላቅ ሰው ተነሣና ከእንግዲህ ሰው ሰውን እንዳይገድል ገዘታቸው። ግዝቱን የጣሰ አንጀቱ ይበስብስ ብሎ ረገመ። ከዚያ ወዲህ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አውራ ጣት በሚያህል፣ ክንድ በሚረዝም ዱላ ይማታሉ፤ የአንዱ ደም ጠብ ሲል ጠቡ ያበቃል። የድሮውን የጦር መሣሪያ መሠዊያቸው ዘንድ አኑረው፣ ልጅ ሲወለድ በመሣሪያው ድሮ ምን ይደረግ እንደነበረና አሁን ለምን እንደማይነካ ይነግሩት ነበር። እንዲህ ሆነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን አሳለፉ።

«ደግ ሕግ ነው» አልኩ።

«ቆይ፣ እማማ» አለችኝ።

አንድ ቀን ከኒው ዚላንድ፣ ማኦሪ ከሚባለው ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ሁለት ነገዶች በነጮች መርከብ ተጭነው መጡ። ጠመንጃና መጥረቢያ ይዘዋል፤ ግን በባሕሩ ጉዞ ታመውና ተዳክመው ነበር። ሞሪዮሪዎች አበሏቸው፣ አስታመሟቸው። እንግዶቹ ሲያገግሙ በደሴቲቱ እየዞሩ መሬቱ የእኛ ነው ይሉ ጀመር። ሞሪዮሪዎች ለጉባኤ ተሰበሰቡ። ወጣቶቹ፣ እኛ እንበዛለን፣ ሕጉ ለእርስ በርሳችን እንጂ ለእነዚህ አልወጣም፣ እንዋጋ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሕጉ አይፈርስም አሉ። መሬቱን ተካፍለን አብረን እንኑር እንበላቸው ብለው ወስነው ወደየቤታቸው ሄዱ። ይህንን ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኙም። በየቤታቸው ታረዱ። የተረፉት ባሪያ ሆኑ። ሞሪዮሪ ሞሪዮሪን እንዳያገባ፣ በገዛ ቋንቋው እንዳይናገር ተከለከለ።

እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

«ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስፈጇቸው! ልጆቹ እንዋጋ ሲሉ ዝም ባያሰኟቸው ኖሮ!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ኖ፣ እማማ። የገደሏቸው፣ የገደሏቸው ሰዎች ናቸው።»

ልብስ ላጥፍ ብዬ ተነሣሁ።

ለምን እንደጮህኩ አልነገርኳትም። እዚህ ልጻፈው። በደርግ ጊዜ፣ እኔ እሷን ሳክል፣ ታላቅ ወንድሜን ቀበሌ ጠራው። እናቴ በጓሮ ወጥቶ ገጠር አጎታችን ዘንድ እንዲሄድ ስንቅ ቋጠረችለት። አባቴ የሰፈሩ ሽማግሌ ነበር፤ ነገር ሲበላሽ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። «ልጄ ያጠፋው ነገር የለም። ሄዶ ይናገራል፣ ይመለሳል» አለ። ወንድሜ የክት ኮቱን ለብሶ ሄደ። አልተመለሰም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ፤ እኔ አንድም ቀን ይቅር አላልኩትም። ሲሞት ሰው እንዳያማኝ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተቀመጥኩ እንጂ እንባ አልወጣኝም። ልጆቼን ያሳደግኳቸው የመታችሁን ምቱ እያልኩ ነው። ለልጅ ልጄም ቡጢ አያያዝ ያሳየኋት እኔው ነኝ፤ አውራ ጣትሽን ከውጭ አድርጊው ብዬ።

የክፍል ገለጻዋን ባቀረበች ቀን ደስ ብሏት መጣች። በስተመጨረሻ የተናገረችውን ለኔም ደገመችልኝ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ሞሪዮሪ የሚባል ሕዝብ ጠፍቷል ብለው ያስተምሩ ነበር። ውሸት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ፤ ስማቸውንም፣ ያንን ሕጋቸውንም መልሰው ይዘዋል። አስተማሪው አመሰገናት። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «አንቺ ብትሆኚ ከማን ጋር ትቆሚ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። የኔዋ «ከሽማግሌዎቹ ጋር» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሞሪዮሪ ሆነ። በኮሪደር ሲያልፉ ይገፏታል፤ ደብተሯን ያስጥሏታል፤ እውነት መልሳ እንደማትመታ ለማየት ነው። ይህንን ለኔ አልነገረችኝም። ብትነግረኝ ምን እንደምላት ታውቃለች።

የመታቻት ልጅ እንግዳ አይደለችም። ቤታችን መጥታ ምስር ወጤን በልታለች፤ ስትወጣ ጉንጬን ስማኝ ነው የምትሄደው። በምሳ ሰዓት፣ ተማሪዎች ዕቃቸውን የሚቆልፉባቸው ቁም ሣጥኖች ዘንድ ጠበቀቻት። ሁለት ልጆች ስልክ ደቅነው ይቀርጻሉ። «ምቺኛ፣ ሞሪዮሪ!» አለቻትና በጥፊ አጮለቻት። ደገመቻት። ሦስተኛው ቡጢ ነበር፤ ከንፈሯን ከፈለው።

ትምህርት ቤቱ ኮል አደረገልኝና ሄድኩ። ከንፈሯ ላይ በረዶ ይዛ ተቀምጣለች። የታጠፈ ወረቀት ሰጡን። ባስ ውስጥ አንብቢልኝ አልኳት።

«ሁለታችንም ተደባድበናል ይላል። ሦስት ቀን ሰስፔንድ ተደርጌያለሁ።»

«ተደባድበሻል?»

«አልተደባደብኩም።»

«ታዲያ ለምን አልመታሻትም?» ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «እጅ የለሽም? አላሳየሁሽም?»

«ክላስ ውስጥ ተናግሬያለሁ፣ እማማ። ሁሉም ሰምቶኛል። ተናግሬ እንዴት ልምታት?»

የመጀመሪያውን ቀን አላናገርኳትም። ምግቧን አቅርቤላት ፊቴን አዞርኩ። ከንፈሯ አብጦ በማንኪያ ትጠጣለች፤ ሲያማት ድምፅ አታሰማም። እንዲህ ሆና እያየሁ ያኮረፍኳት እኔ ነኝ። በደል ይመዝገብ ካልኩ የራሴም ይግባ።

በሁለተኛው ቀን ዝምታው እኔኑ አስጨነቀኝ። «ከዚያ በኋላ ሞሪዮሪዎቹ ምን አደረጉ?» አልኳት።

«ጻፉ» አለችኝ።

ብዙ ዓመት በባርነት ከኖሩ በኋላ የተረፉት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ያ መርከብ በመጣበት ቀን በሕይወት የነበረውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ አስታወሱ። በወረቀት ጻፉት። በተገደለው ሁሉ ስም ጎን መስቀል አደረጉበት። በደላችንን እዩልን ብለው ወደ አገረ ገዥው ላኩት።

«ገዥውስ ምን አለ?»

ቆይቶ ፍርድ ቤት ስለ መሬቱ ተቀመጠ። ሞሪዮሪዎች ከአባት ከአያት ጀምሮ የኖርንበት ነው አሉ። ወራሪዎቹ በጉልበታችን ይዘነዋል አሉ። ፍርድ ቤቱ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በጉልበት ለያዙት ፈረደ።

ይህ ከግድያው የበለጠ አንገበገበኝ። ገዳይ በንዴትም በስግብግብነትም ይገድላል። ዳኛ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም ሰምቶ፣ አስቦ ነው። «ያንን የትምህርት ቤት ወረቀት አምጪው» አልኳት።

በማግስቱ ሜትሮ ባቡር ተሳፍሬ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም እዚያ ይኖራሉ። ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከጎረቤታቸው፣ ሐጂ ከምንላቸው የወሎ ሰው ጋር ሆነው ያላስታረቁት ባልና ሚስት በዚያ ሕንፃ የለም። ሽማግሌ የማልወድ ሴት ሽማግሌ ፍለጋ ሄድኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ መንገድ አላውቅም።

«ሚስት ልንጠይቅ ነው ወይስ ልናስታርቅ?» አሉኝ ጋሼ።

«ቃል ልታስፍቁልኝ።»

«ይሄኛውን ሠርቼው አላውቅም።»

ሐጂ ግን ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጅቱ አልመታችም?» አሉኝ።

«አልመታችም።»

«በአላህ?»

«በአላህም በእግዚአብሔርም።»

«እንግዲያው እንሄዳለን» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገባን። ጋሼ ሱፍ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል፤ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ወንበር አሳይታ ተቀመጡ አለችን። ጋሼ «አንቀመጥም» አሉ። የተላከ ሽማግሌ ነገሩ ተሰምቶለት ይሁን እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ ይህ ለኛ ጨዋነት ነው። ሴትየዋ ደግማ ተቀመጡ አለች። ሦስታችንም ተደርድረን ቆምን፤ አልተነቃነቅንም። በሦስተኛው ስልክ አነሣች። ወገቡ ላይ ሬዲዮ ያንጠለጠለ ጠባቂ መጣና አጠገባችን ቆመ።

«ልጅ ልንሰርቅ የመጣን መስሏታል» አሉ ጋሼ በቀስታ።

«በዚህ ጉልበታችን?» አሉ ሐጂ። «እኛን ተሸክሞ የሚሮጥ ቢሰጡን ነው።»

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወጣች። ወጣት ናት፣ ትሕትና አላት። ከመካከላችሁ የልጅቷ ሕጋዊ አሳዳጊ ማነው አለች፤ ጋሼ ተረጎሙልኝ። እኔ አልኩ። ኮምፒውተሯን አየች። ልጅቷን ይዤ እንድሄድ ስሜ አለ፤ ስለ ልጅቷ እንድናገር ግን ስሜ የለም። ለማይመለከተው ሰው የተማሪን ጉዳይ መንገር ሕግ ይከለክለኛል አለችን። ጋሼ እጅ ነስተው ወጡ፣ ሐጂም ተከተሏቸው። ከውጭ ባስ መቆሚያው አግዳሚ ላይ ሁለቱም ተቀመጡ። ነገራቸው ሳይሰማ መቀመጣቸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማታ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

«እማዬ፣ ጥበቃ ጠሩብሽ እኮ! ሽማግሌ ይዘሽ ትምህርት ቤት? ሥራ መሃል ደውለውልኝ ምን እንደምል ጠፋኝ!»

«ቃሉን እንዲፍቁ ነው።»

«ሦስት ቀን ነው፣ አለፈ። ማን ያየዋል?»

«እሷ ታየዋለች።»

ልጄ ልጇን አየቻት። ከንፈሯ ላይ ጥቁር ሰንበር ቀርቷል። «እሺ፣ ስለ እሷ እንድትናገሪ እፈርምልሻለሁ» አለችኝ። «ግን ብቻሽን። ደግሞ ቁጭ ብለሽ!»

ከዚያ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልጅቷ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ባለጌ የሚለውን አውጪው፣ እማማ።»

«ባለጌ አይደለችም?»

«ነች። ግን አውጪው። የሆነውን ብቻ።»

አወጣሁት።

ቀጠሮው ቀን ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ ድምፅዋ የልጅ ነው። «ንገሪያት» አልኩ፤ «ተመትታ ያልመታችውን ከመቺዋ እኩል የሚቀጣ ሰው ፍርድ አያውቅም።»

አስተርጓሚዋ መልሳ ጠየቀችኝ፦ «እናቴ፣ ትንሽ ላለስልሰው?»

«እንዳልኩት በይው!»

እንዳልኩት እንዳለችው ያወቅኩት የምክትሏ አንገት ሲቀላ ነው። ጠብ ሲነሣ ያየ መምህር ከሌለ ሁለቱም ወገን ይቀጣል፤ ደንቡ ነው አለችኝ። ከቁም ሣጥኖቹ በላይ ካሜራ አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ተመልክታችሁታል ወይ አልኩ። አልተመለከቱትም። ሁለቱም እዚያ ስለነበሩ አላስፈለገም አለች። ሁለት ነገር ጠየቅኳት፤ ካሜራውን ተመልከቱ፣ ቃሉን ፋቁ። ገጼን ሰጠኋት። ስለ ሞሪዮሪዎቹና ስለዚያ ፍርድ ቤትም ነገርኳት። ሰምታቸው አታውቅም፤ ስማቸውን እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈች። እንመለከተዋለን፣ በጽሑፍ እንመልስልዎታለን አለችኝና ተነሣች።

ሳምንታት አለፉ። ልጅቷ ምሳዋን ላይብረሪ ውስጥ ብቻዋን መብላት ጀመረች። ስሟ አሁንም ሞሪዮሪ ነው። ቀልድ የነበራት ልጅ ጠዋት ባስ መቆሚያው ላይ ጫማዋን እያየች ትቆማለች። አንድ ቀን «አሁንም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነሽ?» አልኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። ባሱ ሲመጣ ደግሞ ዞር ብላ፣ «ግን አልመታም» አለች።

ያን ቀን ቤት ገብቼ አንሶላ እያጠፍኩ አባቴን አሰብኩት። ወንድሜን የገደሉት፣ የገደሉት ሰዎች ናቸው። ይህንን ድምፄን አውጥቼ ብቻዬን ተናገርኩት። ለማለት ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ የሚሰማውም ሰው ከሞተ ቆይቷል።

የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ የመጣው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች በቁሟ አነበበችልኝ። በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። በአማርኛ እንድትለው አዘዝኳት፤ ቃል ሳታስቀሪ አልኳት። ቀስ እያለች እንዲህ አለችው፦

«ቪዲዮውን ተመልክተናል። ተማሪዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጇን አላነሳችም። ይሁን እንጂ የሦስት ቀኑ እገዳ ተፈጽሞ ያለቀ ስለሆነ ጉዳዩ እንደገና አይከፈትም፤ በፋይሉ የተመዘገበውም ባለበት ይቆያል። እርስዎ የጻፉት ገጽ ከኋላው ተያይዟል።»